አልቡሚኑን ከጠቅላላው ፕሮቲን ላይ ቀንሱልኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወገኖች ማልቲፕል ማየሎማ ስለሚባለው የመቅኔ ካንሰር የደም ምርመራ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። ከቅዳሴ በኋላ ደክሟችሁም ቢሆን ስለቆያችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። መጀመሪያ ጎንደር፣ ቀጥሎ መተማ በኩል፣ አሁን ደግሞ እዚሁ ሜሪላንድ እሠራለሁ። የበሽተኛውን ፊት እምብዛም አላይም፤ የማየው ደሙን ነው። ዛሬ ግን ፊታቸውንም ደማቸውንም ስለማውቃቸው አንድ ሰው ልነግራችሁ መጥቻለሁ።

የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ መምህር ነበሩ። በ63 ዓመታቸው ወገባቸውን ያማቸው ጀመር። ዕድሜ ነው ተባለ። የዲክሎፌናክ መርፌ ተወጉ፤ ተሻላቸው፣ ተመለሰባቸው፣ ደግመው ተወጉ። ራጅ ሲነሡ አንዱ የአከርካሪ አጥንት ተደርምሶ ተገኘና የአከርካሪ ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀመሩ። እኛ አገር አከርካሪ ተደርምሶ ሲታይ ቶሎ የሚታሰበው ቲቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ሆኖ ይገኛል። ስድስት ወር ሙሉ ሳያቋርጡ ዋጡት። ሕመሙ ግን ባሰ፤ ቁመታቸው አጠረ፤ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀመሩ።

አንድ ማታ ልጃቸው የላቦራቶሪ ወረቀቶቻቸውን ፎቶ እያነሣ በቴሌግራም ላከልኝ። አምስት ወረቀት ነው። አንዱ በአራት ታጥፎ ከመቆየቱ የተነሣ መሐሉ ተልጦ ነበር። ሄሞግሎቢን 9.1። የደም ዝቅጠት ፍጥነት የሚለካው ኢኤስአር 128። የኩላሊት መለኪያው ክሬቲኒን 1.8። ጠቅላላ ፕሮቲን 10.4፣ አልቡሚን 3.0። እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ተጽፎ፣ ለብቻው ተከቦ፣ ለብቻው ታልፏል። 10.4 ላይ 3.0 የቀነሰ ሰው ግን አልነበረም። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቀነስኩት፤ 7.4 ቀረ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ለምን እንደደነገጥኩ ላስረዳችሁ። በደማችን ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፈው ፕሮቲን በግርድፉ ሁለት ወገን ነው። አንዱ ጉበት የሚሠራው አልቡሚን ነው። የቀረው ሁሉ ተጠቅልሎ ግሎቡሊን ይባላል፤ በሽታን የሚከላከሉልን ፀረ እንግዳ አካላት ማለትም አንቲቦዲዎች እዚህ ውስጥ ናቸው። ግሎቡሊን ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3.5 ግራም በዴሲሊትር ነው። 4 ሲደርስ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። የጋሼ 7.4 ነበር።

አንቲቦዲ የሚያመርተው ፕላዝማ ሴል ነው፤ መኖሪያው የአጥንት መቅኔ ነው። ጤነኛ ሰው ዘንድ እልፍ አእላፍ ዓይነት ፕላዝማ ሴል አለ፤ አንዱ ለኩፍኝ፣ አንዱ ለታይፎይድ፣ አንዱ ለሌላ፣ ሁሉም የየራሱን ይሠራል። ማልቲፕል ማየሎማ የሚባለው ካንሰር ከእነዚህ አንዱ ብቻ ከልክ በላይ ሲራባ ነው። የሚራባው የአንድ ሴል ዘር ስለሆነ የሚያመርተውም አንድ ዓይነት ፕሮቲን ነው፤ ለማንም በሽታ የማይበጅ፣ ቅጂው የማያልቅ። ላቦራቶሪ ውስጥ ኤም ፕሮቲን እንለዋለን። አብዛኛው ካንሰር ደም ውስጥ እንዲህ ያለ የማያሻማ ፊርማ አይተውም። ይኼኛው ይተዋል። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ፊርማው ወረቀቱ ላይ እያለ አንባቢ ማጣቱ።

ነገር ግን ግሎቡሊን ከፍ ስላለ ብቻ ማየሎማ ነው ማለት አይደለም። ይህን የተማርኩት መተማ ነው። በመተማና በሁመራ ቆላ ካላዛር አለ። የካላዛር ታማሚ ግሎቡሊን ሰማይ ይነካል። ከእኔ በፊት የነበሩ ባለሙያዎች ሴረሙ ላይ፣ ማለትም ደም ሲረጋ የሚለየው ውኃ ላይ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ፎርማሊን ጨምረው ይጠብቁ ነበር፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ እንደተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆኖ ከረጋ ካላዛር ነው ብለው ይጠረጥራሉ። የሚያረጋው የአንቲቦዲው ብዛት ነው። ኤችአይቪም፣ የቆየ የጉበት በሽታም፣ ቲቢም ግሎቡሊንን ከፍ ያደርጋል። ታዲያ በምን ይለያል?

የሚለየው ሴረም ፕሮቲን ኤሌክትሮፎሬሲስ በሚባል ምርመራ ነው። ሴረሙ ጄል ላይ ይደረግና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ ፕሮቲኖቹ እንደየጠባያቸው አንዱ ሩቅ አንዱ ቅርብ ይደርሳል። ፕሮቲንን በኤሌክትሪክ የመለየቱን መንገድ መጀመሪያ በወጉ ያበጀው ስዊድናዊው አርነ ቲሴሊዩስ ነው፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ውጤቱ የተራሮች ሰንሰለት ይመስላል። በአንድ ጫፍ አልቡሚን ረጅም ሆኖ ቀጥ ይላል። በሌላው ጫፍ፣ ጋማ በሚባለው ቦታ፣ ዝቅ ያለ ለስላሳ ኮረብታ አለ፤ አንቲቦዲዎቹ እሱ ናቸው። ካላዛር ሲሆን ያ ኮረብታ ወደ ላይም ወደ ጎንም አብጦ ሰፊ ተራራ ይሆናል። ቅዳሜ ገበያ መሐል እንደመቆም ነው፤ ጩኸቱ ትልቅ ቢሆንም የሚጮኸው ሺህ ሰው ነው። ማየሎማ ሲሆን ግን በኮረብታው ላይ ቀጭን፣ ሹል፣ እንደ ጦር ጫፍ ያለ ነገር ይበቅላል። ሺህ ሰው ሳይሆን አንድ ሰው አንዲት ቃል ብቻ እየደጋገመ ሲጮህ ማለት ነው። እዚህ አገር ሐኪሞች ኤም ስፓይክ ሲሉ የምትሰሙት ያንን ጦር ነው። የጋሼ ናሙና ወደ ውጭ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ የጦሩ ቁመት 5.6 ግራም በዴሲሊትር ነበር። ጎን ለጎን የቀረው ኮረብታ ደግሞ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ጤነኞቹ ፕላዝማ ሴሎች ተገፍተው ወጥተዋል፤ በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ የሳንባ ምች የያዛቸው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጦሩ የማን እንደሆነ የሚነግረን ኢሚውኖፊክሴሽን የሚባል ቀጣይ ምርመራ ነው። ከአንቲቦዲ ዓይነቶች አይጂጂ ነው? አይጂኤ? ካፓ ነው ወይስ ላምዳ? የጋሼ አይጂጂ ካፓ ነበር፤ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው።

ስለ ካፓና ላምዳ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ስሕተት ያለው እዚህ ስለሆነ። አንድ አንቲቦዲ ሁለት ከባድ ሰንሰለትና ሁለት ቀላል ሰንሰለት አለው። ቀላሉን ላይት ቼይን ይሉታል፤ ወይ ካፓ ነው ወይ ላምዳ። ስሞቹ የመጡት በ1956 ሁለቱን ከለዩት ተመራማሪዎች፣ ከኮርንጎልድና ከሊፓሪ፣ የስም መነሻ ፊደሎች ነው። ፕላዝማ ሴል ላይት ቼይን አትርፎ ያመርታል፤ ትርፉ ሳይገጣጠም ደም ውስጥ ይገባል፤ ትንሽ ስለሆነም በኩላሊት ያልፋል። በ1845 ለንደን ውስጥ አጥንቱን በጽኑ የታመመ አንድ ነጋዴ ነበር። ሽንቱ ለሄንሪ ቤንስ ጆንስ ተላከለት። ሐኪሙ ሲያሞቀው ይረጋል፣ ሲያፈላው ተመልሶ ይሟሟል፣ ሲበርድ እንደገና ይረጋል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ፕሮቲን የሚያውቅ አልነበረም። ነጋዴው በ1846 መባቻ ሞተ። ያ ፕሮቲን የአንቲቦዲ ላይት ቼይን መሆኑ የታወቀው ጄራልድ ኤደልማንና ጆሴፍ ጋሊ በ1962 ባሳዩት ጊዜ ነው፤ 117 ዓመት ፈጀ።

ይህን ያነሣሁት ለዛሬ ስለሚጠቅመን ነው። ጤና ጣቢያ ሽንታችሁ ላይ የሚነከረው ባለ ቀለም ስትሪፕ አልቡሚንን እንጂ ላይት ቼይንን አያይም። የጋሼ ወረቀት ላይ «ፕሮቲን፦ ትሬስ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ በጭራሽ የለም ለማለት ጥቂት የቀረው ማለት ነው። የ24 ሰዓት ሽንታቸው ተጠራቅሞ በኤሌክትሮፎሬሲስ ሲታይ ግን ላይት ቼይን ሞልቶበታል። ኩላሊታቸውን ሲደፍን የከረመው እሱ ነው፤ ዲክሎፌናኩ ደግሞ በላዩ ላይ ጨመረበት። እባካችሁ፣ ማየሎማ ያለበት ወይም የተጠረጠረበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይውሰድ።

ከ2001 ጀምሮ ግን ላይት ቼይንን በቀጥታ ከደም የሚለካ ምርመራ አለ፤ ሴረም ፍሪ ላይት ቼይን ይባላል። ካፓው ይለካል፣ ላምዳው ይለካል፣ ካፓው ለላምዳው ይካፈላል። ሲካፈል ከ0.26 እስከ 1.65 ከሆነ ጤነኛ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሁለቱም ስለሚጠራቀሙበት እስከ 3.1 ድረስ ይታለፍለታል። ከመቶ ማየሎማ ወደ ሃያው አካባቢ ላይት ቼይን ብቻ እንጂ ሙሉ አንቲቦዲ አያመርትም። እነዚህ ሰዎች ያን ጦር ላያሳዩ ይችላሉ፤ እኔ ቀንሱ የምላችሁም ልዩነት ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ልዩነቱ ትልቅ ሲሆን ጠይቁ፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው ብላችሁ ግን ምልክት እያለ ዝም አትበሉ። የወገብ ወይም የጎድን ሕመም የማይለቅ ከሆነ፣ የደም ማነሱ ምክንያት ካልተገኘለት፣ ክሬቲኒን ከፍ ካለ፣ ሐኪማችሁን ሦስቱን በስማቸው ጠይቁ፦ ኤሌክትሮፎሬሲስ፣ ኢሚውኖፊክሴሽን፣ ፍሪ ላይት ቼይን።

ኤም ፕሮቲን ተገኘ ማለት ሁልጊዜ ካንሰር ነው ማለትም አይደለም። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ከሆኑ መቶ ሰዎች ሦስቱ ያህል ትንሽ ኤም ፕሮቲን ይኖራቸዋል። የማዮ ክሊኒኩ ሮበርት ካይል በ1978 ስም አወጣለት፤ ኤምገስ ይባላል። ኤም ፕሮቲኑ ከ3 ግራም በታች ነው፣ መቅኔ ውስጥ ያለው ፕላዝማ ሴል ከ10 በመቶ በታች ነው፣ የተጎዳ አካል የለም። በየዓመቱ ከመቶ አንዱ ወደ ከፋ በሽታ ይሻገራል፤ ብዙዎቹ ሳይሻገሩ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። በእሱና በማየሎማ መካከል እዚህ ስሞልደሪንግ የሚሉት አለ፤ በእኛ ቋንቋ የተዳፈነ እሳት ነው። ፍሙ አለ፣ ቤቱ ገና አልተቃጠለም። እሱ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ ከመቶ ወደ አሥሩ ይነድዳል፤ ስለዚህ ክትትሉ ይጠብቃል።

ነደደ የሚባለው መቼ ነው? ካልሲየም ከ11 ሲያልፍ፣ አጥንት እየሟሟ ነውና፤ ክሬቲኒን ከ2 ሲያልፍ፤ ሄሞግሎቢን ከ10 ሲወርድ፤ አጥንት ላይ ቀዳዳ ሲታይ። ድሮ ከእነዚህ አንዱ እስኪደርስ ይጠበቅ ነበር። በ2014 ዓለም አቀፉ የማየሎማ የሥራ ቡድን ጉዳት ሳይደርስም ሕክምና የሚያስጀምሩ ሦስት ምልክቶች ጨመረ፤ አንዱ የበዛው ፍሪ ላይት ቼይን ለሌላው ሲካፈል 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ኩላሊት እስኪሞት አትጠብቁ ማለት ነው። ለእኔ በሙያዬ ዘመን ካየሁት ሁሉ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

ለእኛ ጉዳዩ ቅርብ ነው። በአሜሪካ ጥቁሮች ማየሎማ የሚይዛቸው ከነጮች በእጥፍ ያህል ነው፤ የሚጀምራቸውም በትንሽ ዕድሜ ቀድሞ ነው። ጋና ውስጥ በተደረገ ጥናት የወንዶቹ ኤምገስ ሚኒሶታ ካሉ ነጮች ወደ ሁለት እጥፍ ተገኝቷል። እዚህ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ውስጥ፣ ሁሉም እኩል በሚታከምበት ቦታ፣ ከ65 ዓመት በታች የሆኑ ጥቁሮች እንዲያውም ከነጮች የተሻለ ዕድሜ አግኝተዋል። ዘግይቶ መገኘትና መድኃኒት ማጣት ነው እንጂ የሚገድለን ደማችን አይደለም።

አሁን ስለ ክትትል። ጋሼ ቤተሰብ አዋጥቶ ቦርቴዞሚብና ሌናሊዶማይድ የሚባሉትን የማየሎማ መድኃኒቶች ከህንድ እያስመጣ ታከሙ። እኔ ባለ ሰማያዊ ልባስ ደብተር ገዛሁና በየወሩ የሚመጣውን የጦሩን ቁመት በአንድ ዓምድ ጻፍኩ። 5.6። ሁለት ወር ቆይቶ 2.6፤ ከግማሽ በላይ ወረደ፤ ከፊል ምላሽ ይባላል። በስድስተኛው ወር 0.5፤ ከዘጠና በመቶ በላይ ወረደ፤ በጣም ጥሩ ምላሽ ይሉታል። ያኔ ጋሼ ያለ ከዘራ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከዚያ 0.4 ላይ ሁለት ዓመት ተኛ።

በእነዚያ ወራት በስልክ ስንት ጊዜ እንደተጨቃጨቅን! 0.4 የነበረው አንድ ጊዜ 0.5 ሆኖ ቢመጣ ቤቱ ሁሉ ለቅሶ ተቀመጠ። የ0.1 ልዩነት የመሣሪያ መወዛወዝ ነው፤ የበሽታ አይደለም። በሽታው ተመለሰ የሚባለው ከዝቅተኛው ቁጥር ቢያንስ በ25 በመቶ፣ ደግሞም ቢያንስ በ0.5 ግራም ሲጨምርና ጭማሪው በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ነው። ለጋሼ ድንበሩ 0.9 ነበር። ደብተሩ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ጽፌው ነበር፤ ከዚያ በታች ማንም እንዳያለቅስ።

ደግሞ ምርመራውን ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ አታዘዋውሩ። በተለይ ፍሪ ላይት ቼይን ከአንድ አምራች ኪት ወደ ሌላ ሲቀየር ቁጥሩ ይለዋወጣል፤ ሰውየው ሳይለወጥ ወረቀቱ ይለወጣል። ሌላው፣ አይጂጂ ደም ውስጥ ግማሽ ለመሆን ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ላይት ቼይን ግን በሰዓታት ይወጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ቀድሞ የሚያወራው ላይት ቼይኑ ነው። ጋሼ ሲያገረሽባቸውም እንዲሁ ሆነ፤ ጦሩ ገና 0.6 ላይ እያለ ካፓው ተነሥቶ ነበር። ያ ጥቂት ወር ቀድሞ መድኃኒት ለመፈለግ ጊዜ ሰጠን።

ሁለት ነገር ደግሞ ለታካሚዎችና ለቤተሰብ። ዳራቱሙማብ የሚባለውን የማየሎማ መርፌ የምትጀምሩ ካላችሁ፣ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የደም ዓይነታችሁ ተመርምሮ ይመዝገብ። መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴል ላይ ስለሚለጠፍ በኋላ ደም ሲያስፈልጋችሁ ደም ባንክ ማመሳከር ይቸገራል። መድኃኒቱ ራሱ አይጂጂ ካፓ ስለሆነም ኢሚውኖፊክሴሽን ላይ ደብዘዝ ያለ መስመር ሊያሳይ ይችላል፤ የእናንተ አይደለም፣ የመርፌው ነው። ሁለተኛው፣ ከእኛ ብዙ ሰው ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ነው፤ ዳፊ ከሚባለው የደም ዓይነት ጋር የተያያዘ እንጂ በሽታ አይደለም። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ መድኃኒታችሁን ሳያስፈልግ ሊቀንስ ይችላል። ከመታመማችሁ በፊት የተሠራ ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ካላችሁ፣ የአሥር ዓመትም ቢሆን፣ ፈልጋችሁ አሳዩ።

ጥያቄ ካለ፤ እዚያ ጋ እማማ እጅዎን አንሥተው ነበር።

«ልጄ፣ ወንድሜ ይኼው በሽታ አለበት። ደሙ አነሰ እያሉ በየወሩ ደግሞ እነሱው ይቀዱታል። አይጨርሱትም?»

እማማ፣ ይህን ጋሼም ጠይቀውኛል። በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ሦስት አራት ብልቃጥ ነው፤ ቢደመር የቡና ሲኒ ግማሽ አይሞላም። መቅኔ በቀናት ይተካዋል። ደሙን ያሳነሰው በሽታው መቅኔውን ስለያዘበት ነው፤ ሕክምናው ሲሠራ ሄሞግሎቢኑ ራሱ ይነሣል። የጋሼ በስድስት ወር ከ9.1 ወደ 12 ወጥቷል።

«እኔስ እኅቱ ነኝ፤ ልመርመር?»

የቅርብ ቤተሰብ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ወደ ሁለት እጥፍ ነው፤ ዕጥፉ ቢሆንም ግን ትንሽ ነው። ምልክት ለሌለው ሰው ሁሉ መመርመር ይጠቅማል ወይስ ሰውን ለከንቱ ያስጨንቃል የሚለውን አይስላንድ ውስጥ ከ80,000 በላይ ሰዎች ተመዝግበው እያጠኑት ነው። ለእርስዎ የምለው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ወንድሜ ማየሎማ አለበት ብለው ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ምርመራውን እሱ ይወስን። የቅርብ ጊዜ የደም ውጤት ይዘዋል?

እማማ ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡና መነጽራቸውን ፈለጉ። ወረቀቱን አብረን አየነው። ጠቅላላ ፕሮቲን 7.3፣ አልቡሚን 4.2። «እርስዎ ይቀንሱት» አልኳቸው። ጣታቸውን ቁጥሮቹ ላይ አድርገው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ትንሽ ቆዩ። «ሦስት ነጥብ አንድ» አሉ፤ ከኋላቸው የተቀመጡት ሴት ደግሞ የራሳቸውን ወረቀት ዘረጉልኝ።